ሁለት ካርቶን፣ አንዲት መራጭ

በትምህርት ቤታችን አይሲቲ የማስተምረው እኔ ነኝ። ቡታጅራ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠኛል። «ይሄ ነገር ለምን ቶሎ ባትሪ ይጨርሳል?» ይለኛል፣ «ቴሌግራሜ ለምን እምቢ አለ?» ይለኛል። ሐኪም ብሆን ኖሮ ምላሱን አውጥቶ ያሳየኝ ነበር። ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ አንድ ክረምት ሙሉ ስለ ስልክ ሲከራከር እኔን አንድም ሰው አለመጠየቁ ዛሬም ይደንቀኛል። የሚከራከሩበት ስልክ ደግሞ የኔ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በመስኮት ነው። ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች በየካርቶናቸው እንዳሉ ንብረት ክፍል ውስጥ አቧራ ይጠጡ ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «በሩ የማይቆለፍ ክፍል ውስጥ የመንግሥት ንብረት አላስገባም» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ፣ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየተገፋሁ፣ በመጨረሻ የአሉሚኒየም በርና መስኮት አስፈቀድኩ። ሊገጥም የመጣው ሰው ከወልቂጤ ነው፤ እዚያ የራሱ ወርክሾፕ አለው። ጨርሶ ሄደ ስንል የአንዱ መስኮት ልክ ተሳስቷል ብሎ ተመልሶ መጣ። እንደገናም ተመለሰ። ያን ልክ እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ።

እንዲህ ተላመድን። ልንጋባም ተስማማን። ያልተስማማንበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የት እንደምንኖር።

እሱ ወልቂጤ ደንበኞች አሉት፣ ማሽኖች አሉት፣ ስሙን የሚያውቅ ገበያ አለው። እኔ ደግሞ ያ ክፍል አለኝ። ክፍሉ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ ሴት ተማሪዎች ነበሩኝ። ማውዝ ሲይዙ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ልጆች አሁን ሰነድ ጽፈው፣ ሠንጠረዥ ሠርተው ያሳዩኛል። ሌላው የአይሲቲ መምህር ሥራውን ለቆ የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቷል። እኔ ከሄድኩ ያ ያማረ የአሉሚኒየም በር ተቆልፎ ይቀራል። ዝውውር ይገኛል እንዳይባል ወልቂጤና ቡታጅራ አሁን በየራሳቸው ዞን ናቸው፤ ከዞን ዞን የሚሻገር የመምህር ወረቀት መንገድ ላይ ያረጃል። ማግባት ማለት ለኔ ሥራዬን ለቅቄ ወልቂጤ ላይ አሉሚኒየም ሲቆረጥ እያየሁ መቀመጥ ማለት ነበር።

ይህን ለእሱ በግልጽ ነገርኩት። «ሽማግሌዎቹ ያነሱታል» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ብቻ ከመስኮት የከበደ ነገር ሁሉ ለሽማግሌ ያስረክባል። ለእናቴ ነገርኳት። «አጎትሽ ያነሳዋል» አለች። አባቴ ካረፈ ጀምሮ በአባቴ ቦታ የሚቆመው አጎቴ ነው፤ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሸጣል። ለእሱም ነገርኩት። «ልጄ፣ መጀመሪያ ዋናው ነገር ይለቅ፤ የቀረው ዝርዝር ነው» አለኝ። በዚህ ዓይነት የኔ ኑሮ ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት በአረቅጥ በኩል ነው፤ የላይኛው አገር ጉም አንቀጥቅጧቸው ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ተከናንበው ደረሱ። መሪያቸው የእጮኛዬ የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ግርማ ያላቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ ሰውዬ። እኛም ጉራጌ፣ እነሱም ጉራጌ፤ ግን የነሱ ቋንቋ ሰባት ቤት፣ የኛ ክስታኔ ስለሆነ ሁለቱም ወገን ሲጣደፍ አይግባባም። ስለዚህ ሽምግልናው በአማርኛ ሆነ፤ ሁሉም በየራሱ ቤት ቅላጼ፣ ቃላቱን እየመረጠ። ከኛ ወገን አጎቴ ነበር፣ ጎረቤታችን ሐጂም ነበሩ። ሐጂ የመስቃን ገበሬና በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ አባቴን የሚያውቁት ሁለቱም ጢም ሳያበቅሉ ነው። ፕሮቴስታንት ቤት ሽምግልና ሐጂ ምን ያደርጋሉ የሚል ሰው እኛ ሰፈር የለም።

ጸሎት ተደረገ። የተለመደው ሁሉ ተባለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ከእናቴ ጋር ቆሜ እሰማለሁ። አጎቴ ድምፁን አስተካክሎ «እኛ የጌታ ቤተሰብ ነን፤ ጥሎሽ የሚባል ነገር አንጠይቅም» አለ። ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም በልቤ አሜን አልኩ። ከዚያ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብቻ ልጅቷ ርቃ ስለምትሄድ፣ ድምጿን የምንሰማበት ደህና ስልክ ቢኖራት...»

ርቃ ስለምትሄድ። በአንድ ስልክ ተጠቅልዬ ወልቂጤ ስገባ ማንም ልብ አላለም። ሽማግሌው እንኳን «ተገቢ ነው፤ ስልኩ በሁለተኛው ቀጠሮ ይመጣል» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ ቅስቀሳው ተጀመረ። ነጻ፣ ፍትሐዊና ተአማኒ ምርጫ ነበር፤ ሁሉም ይቀሰቅሳል፣ ሁሉም ይታዘባል፣ የመራጯ ስም ብቻ መዝገብ ላይ የለም።

አጎቴ የአይፎን ደጋፊ ነበር። እሱ ራሱ የሚይዘው በቁልፍ የሚሠራ ትንሽ ስልክ ነው፤ ባትሪው እንዳይወድቅ በላስቲክ አስሮታል። «ከሱቄ ጎን ያለችው ነጋዴ ልጅ ስታገባ አይፎን ነው የመጣላት፤ የኛ ልጅ ከማን ታንሳለች?» ይላል። ከዚህ የተለየ ቴክኒካዊ ምክንያት አልነበረውም። ካሜራውን ጠይቀው፣ «ከማን ታንሳለች» ነው። ባትሪውን ጠይቀው፣ እሱው ነው።

እናቴ አንድሮይድን የደገፈችው በገመድ ምክንያት ነው። በኛ ሰፈር ቻርጀር እንደ ወንፊት ከቤት ቤት ይዋሳል። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ማን ቤት ገብተሽ ልትሰኪው ነው? ሰዉ ሁሉ ቤት ያለው የሁሉም ገመድ ነው» ትለኛለች። «እማ፣ አዲሶቹ እኮ አሁን ገመዳቸው አንድ ዓይነት ሆኗል» ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እናቴ «የሁሉም» የምትለው ገመድ የድሮው ጠፍጣፋ ስለሆነ ለሁለቱም አይገባም ነበር። ይህን ስነግራት ሁለቱንም ስልኮች ተቀየመቻቸው።

ሐጂ የራሳቸውን አንድሮይድ ይወዱታል፤ የስግደቱን አቅጣጫ፣ ቂብላውን፣ ያሳያቸዋል፣ ቁርኣን ያሰማቸዋል። «ማሻአላህ፣ ምን ይጎድለዋል?» ይላሉ። ተማሪዎቼም ሰምተዋል፤ ቡታጅራ ውስጥ ያልተሰማ ነገር የለም። ለክረምት ትምህርት ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ አይፎን በይ! አንድሮይድ እኮ ፋራ ነው» ይሉኛል። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ቆፍጣና ልጅ ደግሞ ዞር ብላ «አንድሮይድ ላይ የፈለግሽውን ትጭኛለሽ፤ አይፎን ላይ የፈቀደልሽን ነው» አለቻቸው። ለዚህች ልጅ ሙሉ ማርክ ሰጥቻታለሁ፤ በወረቀት ባይሆንም።

እኔማ ልዩነታቸውን አስተምራለሁ፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። አንዱ ባለቤቱ ሁሉን ነገር አሳምሮ ያዘጋጀው፣ ግድግዳው ላይ ግን ምስማር መምታት የሚከለክልበት ኪራይ ቤት ነው። ሌላው እንደልብህ ምታ የሚልህ፣ ግን ቁልፉ በስንት ሰው እጅ እንዳለ የማታውቅበት ነው። ሁለቱም ጋ ተከራይ ነህ። የኮምፒውተርን ንብርብር ሰሌዳ ላይ ስንስለው «ተጠቃሚ» የሚለው ከሁሉም በላይ፣ ከጫፉ ላይ ይጻፋል። ያን ክረምት ከጫፉ ላይ ሆኜ ሰው ሁሉ ከሥሬ ሲያወራ ሰማሁ።

አንድ ቀን ለእጮኛዬ ደወልኩለት። «ስለ መኖሪያችን ለሽማግሌዎቹ ነገርካቸው?» አልኩት።

«ይደርሳል» አለኝ። «አጎትሽ ግን ደውለውልኝ ነበር።»

«ስለሱ?»

«ስለ አይፎኑ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ወዲያው መልሶ ደወለ፤ አላነሳሁም። የተናደድኩት በአጎቴ አልነበረም፤ አጎቴን አውቀዋለሁ። የተናደድኩት መስኮት ሲለካ በሚሊሜትር የሚጨነቅ ሰው እኔን በግምት ስለተወኝ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ክትፎው ስትጨነቅ ዋለች፤ እኔ ለስላሳውን ባልዲ ውስጥ አቀዘቀዝኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እጮኛዬ እንደ ደንቡ አልገባም፤ ያመጣቸውን መኪና አቁሞ ውጭ ቀረ። ጸሎቱ እንዳበቃ መሪው ሽማግሌ ከአንድ ፌስታል ውስጥ ሁለት ካርቶን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

አጎቴ ደነገጠ። «ሁለት?»

«ልጁ የገዛው ይሄኛውን ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ በጣታቸው ጫፍ ወደ አንዱ እየገፉ። «አየሁት። ላዩ ላይ ፖም አለ፤ ፖሙ ተነክሷል።»

«ምልክቱ ነው እኮ» አለ አጎቴ።

«ምልክት መሆኑንማ አወቅሁ። እኔ የምለው፣ የተነከሰ ነገር ይዤ የሰው ቤት ሴት ልጅ እጠይቃለሁ? ለአማት ቤት ቅቤ እንኳን ስንወስድ ጣት ያልነካው ነው። ቀምሰው አመጡልን ብትሉ መልሴ ምንድን ነው? ሰውየው ጥርሱን አሳርፎበታል!» ለራሳቸው ክብር ብቻ ሳይሆን ለኛም ክብር ተቆርቁረው ነበር የሚናገሩት። «ስለዚህ እኔው ሱቅ ሄጄ ያልተነከሰ አመጣሁ። ደህናው ይቀራል፣ ሌላው ይመለሳል። ባለ ሱቁ ዘመዳችን ነው።»

አጎቴ ሊዋጥለት አልቻለም። የተነከሰው ይበልጣል ማለት ነበረበት፤ ይህን ደግሞ በሽማግሌ ፊት በምን አፉ ይናገረዋል? «እርግጥ ነው፣ ተነክሷል» አለ፤ «ግን ትንሽ ነው የተነከሰው።»

እኔና እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሻሻችንን አፋችን ውስጥ ከተትን።

ክርክሩ ጠነከረ። አንዱ ዋጋ ያነሳል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሐጂ «ዋናው ድምፁ መጥራቱ ነው» ይላሉ። መጨረሻ ላይ «እስቲ ገዢው ራሱ ያስረዳ» ተባለና እጮኛዬን ከመኪናው ጠርተው አስገቡት። በር ላይ ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ ዋናው ልዩነት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው።»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ኦፕራሲዮን?»

«አይ፣ ኦፕሬቲንግ...»

«የትኛው ነው ኦፕራሲዮን የተደረገው?»

«አይደለም ጋሼ፤ ሁለቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተም አላቸው።»

«ሁለቱም!» ሽማግሌው ወደ ኋላቸው ተደገፉ። «እሽግ ነው ብለኸኝ! አንዱ ተነክሷል፣ ሁለቱም ተቀደዋል፤ ይሄንን ይዘን ነው አረቅጥን የተሻገርነው?»

ያን ጊዜ እውነትም ሳቅሁ። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። አጎቴ ነገሩን ለማብረድ «መቼም ከወልቂጤ ሆና ለእናቷ ስትደውል የሚሰማ ከሆነ...» አለ። ሽማግሌውም እጃቸውን አወዛውዘው፣ «ወልቂጤ መኖሯማ ያለቀ ነገር ነው፤ እሱ ምኑ ይወራል? የቸገረን ስልኩ ነው» አሉ። አጎቴም «እሱማ ያለቀ ነው» አለ። ሁለቱም ወዲያው ወደ ካርቶኖቹ ተመለሱ።

ይኸው ነው። የተማርኩት ሙያ፣ ያስከፈትኩት ክፍል፣ የቅዳሜ ልጆቼ፣ ሁሉም ለስላሳ ተከፍቶ ብርጭቆ ሳይሞላ አለቀ። እናቴ አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። እጮኛዬ በር ላይ ቆሟል፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው፣ ጆሮዬን የሚያግል ንዴት።

ሐጂ ናቸው የተናገሩት። ክርክሩ ሰልችቷቸው ይመስለኛል። «ወንድሞቼ፣ ልጅቷን ጠይቃችኋታል ወይ? እኛ ዘንድ ኒካህ ሲታሰር እንኳን ሴቲቱ ትጠየቃለች። ስልክ ሲሆን አትጠየቅም?»

ሁሉም አፈረ። የጌታ ቤተሰብ በሐጂ ሲቀደም ቀላል ነገር አይደለም። «ትጠራ!» አሉ ሽማግሌው።

ሻሼን አስተካክዬ ገባሁ። ከካርቶኖቹ ፊት ለፊት፣ በበሩ በኩል፣ በርጩማ ሰጡኝ። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ቆመው መናገር ይወዳሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ ማንንም አንጫንም። ዛሬ ነጻ ነሽ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የምናገረው፤ አንቺ የመረጥሽው የእኛም ምርጫ ነው። አንድም ሰው ቃል አይመልስብሽም። በይ፣ የወደድሽውን ምረጪ።»

«ቡታጅራን» አልኩ።

አጎቴ ወደ ካርቶኖቹ ጎንበስ አለ። «ቡታጅራ ደግሞ የምን ስልክ ነው?»

«ስልክ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጠቀጥ ብዬ ቀጠልኩ። «መኖር የምፈልገው ቡታጅራ ነው። ሥራዬ እዚህ ነው። ለሁላችሁም ተናግሬያለሁ፤ ለአንዱ ስነግረው ወደ ሌላው ሲልከኝ ክረምቱ አለቀ። ምረጪ ካላችሁኝ የምመርጠው ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ተቆጡ ብዬ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ግራ መጋባት ነው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ካመጣነው ውስጥ የለም» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ፣ የለም። ያመጣችሁት ወልቂጤን ብቻ ነው፣ በሁለት ካርቶን።»

 ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አጎቴ ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት ሽማግሌው በእጃቸው አስቆሙት፤ ቃላቸውን በሰው ፊት ሰጥተዋል፣ ቃሉ እንዳነቃቸው ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«አንተስ? ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ እጮኛዬ። «ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

 ወለሉን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ የሆነ ነገር አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ ስለተናገረው ከአጠገቡ ያለሁት እኔ ብቻ ሰማሁት።

ሽማግሌው ጆሯቸውን አቀኑ። «ምን አልክ? ጮክ በል፤ ሰው ይስማ።»

ላብ አጥምቆታል። ወርክሾፑን፣ ማሽኖቹን፣ ስሙን የሚያውቀውን ገበያ ሁሉ አንድ በአንድ ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ቀላል ነገር እንደማይናገር አውቆ ነው የተናገረው።

«እኔም ቡታጅራን» አለ።

ያኔ አለቀስኩ። እናቴ ከመጋረጃው ወጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አጎቴ አንዴ የተነከሰውን ካርቶን፣ አንዴ እኔን እያየ ተቀመጠ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ እንጸልይ» አሉ። ክትፎው ተበላ። ሁለቱም ስልኮች በመጡበት ፌስታል ወደ ወልቂጤ ተመለሱ፤ የትኛው እንዳሸነፈ የጠየቀ የለም። ሰው መቼ አገባሽ ሲለኝ የምነግረው የቤተ ክርስቲያኑን ቀን ነው። እኔ ግን ያገባሁት ያን ቀን ከሰዓት ነው፤ እሱ በላብ ተጠምቆ በር ላይ ቆሞ፣ ድገመው ተብሎ ሲደግመው።